ከአልጋ አነጣጠፍ እስከ ቆላ ድባ፦ ነርሲንግ ስንጀምር ያልነገሩን ታሪክ



በ1999 ዓ.ም. ጎንደር ስገባ ምደባዬን ያየሁት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተጋፍቼ ነው። ከስሜ ትይዩ «ነርሲንግ» ይላል። እኔ ስመኝ የኖርኩት ሜዲስን ነበር። ለአባቴ ስደውልለት ትንሽ ዝም አለና «ነርስ? እሱ የሴት ሙያ አይደለም እንዴ ልጄ?» አለኝ። መልስ ስላጣሁ «ለጊዜው ነው አባዬ፣ እቀይራለሁ» አልኩት።

አልቀየርኩም። ይህን የምጽፈው ለምን እንዳልቀየርኩ ለመናገር ነው። ዛሬም በየዓመቱ እንደኔ ፊቱን አጥቁሮ የሚገባ ፍሬሽ አይጠፋምና።

አናቶሚና ፊዚዮሎጂ እንደሚከብዱ ሲኒየሮች አስፈራርተውን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን የተግባር ክፍሉ ነው። መርፌ መውጋት እንማራለን ብዬ ስጠብቅ እጅ መታጠብ ተማርን። ቀጥሎ አልጋ ማንጠፍ መጣ፤ አንሶላው ሳይሸበሸብ፣ ማዕዘኑ በወጉ ታጥፎ፣ ሕመምተኛው ተኝቶበት እያለም ጭምር። ከዚያ የልብ ትርታ መቁጠር። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ያባዛ ተማሪ ከተያዘ መምህራችን «ሙሉ ደቂቃ!» ብላ እንደ አዲስ ታስጀምረዋለች። ትንፋሽ ስንቆጥር ደግሞ የእጁን ትርታ የያዝን መስለን ነው፤ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። «ለዚህ ነው እንዴ አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት?» እያልኩ በሆዴ አጉረመርም ነበር።

ዋርድ መውጣት ስንጀምር ሌላ ነገር መጣ። ሴት ጓደኞቻችንን ሕመምተኛው «ሲስተር» ይላቸዋል፤ እኛን ነጭ ጋውን የለበስን ወንዶችን ግን «ዶክተር»። አንድ ሽማግሌ «ዶክተሬ፣ ተባረክ» ሲሉኝ ነርስ ተማሪ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ያጉረመረምኩበትን ነገር በሌላ ዓይን ያየሁት ታሪኩን ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ፍሎረንስ ናይቲንጌል ለክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች ወደ እስኩታሪ ስትሄድ፣ ወታደሩን ከቁስሉ ይልቅ ይፈጀው የነበረው በሽታ ነው። ንጽሕና፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ንጹሕ አየር፣ ከዚያም ስንት ሰው በምን እንደሞተ መዝግቦ መቁጠር የእሷ መሣሪያዎች ሆኑ። በ1860 ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፈትም ይህንኑ ይዞ ነው። እኔ የናቅኩት አልጋና ቆጠራ የሙያው መሠረት ኖሯል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን እናገኛለን። በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር፣ የንጉሥ ልጅ ሆና፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ በኋላም በጋይስ ሆስፒታል እንደማንኛዋም ሠልጣኝ ተምራ ነርስ ሆነች። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ግን ብዙ አልቆየችም። በ1942 እ.ኤ.አ. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። ነርሷ ራሷ፣ ያውም የንጉሥ ልጅ፣ በወሊድ ከሞተች፣ የባላገሯ እናት ዕጣ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የኛ ቤት የተመሠረተው ለዚያች የባላገር እናት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ መንግሥትን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካው ፖይንት ፎር አግዘውታል። ሐሳቡ ሐኪም እስኪበዛ ቁጭ ብሎ አለመጠበቅ ነበር። ሦስት ዓይነት ባለሙያ አብሮ ይሠለጥናል፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ገጠር ወርደው ጤና ጣቢያ ይይዛሉ። ነርሷ በየቤቱ እየዞረች ነፍሰ ጡርና አራስ ታያለች፤ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ የሰው ትእዛዝ የምትጠብቅ አልነበረችም። በ1978 የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት፣ በኋላም ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ብዙ ነገር ተለወጠ፤ የቡድን ሥልጠናው ግን እኛ ዘንድ ደረሰ።

በ2002 ዓ.ም. የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ የወጣሁት ቆላ ድባ ነው፤ እዚያው ደንቢያ፣ የጥንቶቹ ቡድኖች የሠለጠኑበት። አንድ ቀን የጤና መኮንን ተማሪ ከሆነ ጓደኛዬ ጋር መጸዳጃ ቤት እየቆጠርን ከአንድ ግቢ ገባን። ጓዳ ውስጥ አራስ ተኝታለች፤ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነው። አማቷ «ትንሽ ብርድ መትቷት ነው» አሉን። እጇን ያዝኩና ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፦ 124። ትንፋሿም ፈጣን፣ ገላዋ እሳት። የወሊድ ኢንፌክሽን እንደሆነ ጠረጠርን። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ መድኃኒት ተጀመረላት፤ ዳነች።

ከሳምንት በኋላ ልናያት ስንሄድ አማቷ ቡና አፍልተው ጠበቁን። «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉኝ በዚህኛው ጊዜ ዝም አላልኩም። «እማማ፣ እኔ ነርስ ነኝ» አልኳቸው። «ይሁን» አሉ፤ «ነርስ ማለት እንዲህ ከሆነ የኔም ልጅ ይማረው።» ማታውን ለአባቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀና «እንግዲያ አትቀይር» አለኝ። ለነገሩ የመመረቂያዬ ወር ደርሶ ነበር።

እንግዲህ መምህራንና የሙያ ጓደኞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ ተማሪ ሲገባ ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ሰዓት ገለጻ እንሰጣለን። ከዚያው ጋር ግማሽ ሰዓት ቆርጠን ይህን ታሪክ እንንገራቸው። አናቶሚ ይከብዳል፣ የሌሊት ተረኛነት እግር ይሰብራል፣ ወንዱን «ዶክተር» ይሉታል፣ አልጋ ማንጠፍም አሰልቺ ነው። ይህ ሁሉ አይቀርላቸውም። ግን ትርታውን ሙሉ ደቂቃ እንዲቆጥሩ የሚታዘዙት ለምን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይወቁት። እኔ እስክረዳው አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።