ከተማሪዋ ነው ወይስ ከመንገዱ? የሴቶች የትምህርት ውጤት ታሪካዊ አመጣጥ

በአገራችን፣ በተለይም በሁለተኛ ደረጃ፣ የሴት ተማሪዎች ውጤት ከወንዶች ዝቅ ብሎ መታየቱ ብዙዎችን «ነገሩ የተፈጥሮ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሲመራ ኖሯል። ይሁን እንጂ የሁለት ምሰሶዎች ጥንካሬ በትክክል የሚነጻጸረው በሁለቱም ላይ እኩል ጭነት ሲያርፍ ነው። የትምህርት ታሪካችን ግን ጭነቱ እኩል ሆኖ እንደማያውቅ ይመሰክራል።

የጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ፣ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚያደርስ ረጅም ጉዞ ነበር። ተማሪው ከደብር ደብር እየተዘዋወረ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በጎጆ እያደረ ይማር ነበር። ይህ ኑሮ ለሴት ልጅ የሚታሰብ አልነበረም፤ ክህነትም ለወንድ ብቻ ነበር። ስለሆነም ሴት ልጅ ችሎታዋ ሳይመዘን ከደጃፍ ትቀር ነበር። ትምህርቱ እቤቷ ድረስ የመጣላት ሴት ምን ልትሠራ እንደምትችል ግን የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሳይተዋል። የቅኔ መምህር ልጅ የነበሩት እኚህ ሴት በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ቢያጡም፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በጽበላ ወንበር ዘርግተው ብዙ ተማሪዎችን አስተምረዋል።

ይህን የመሰለ ማስረጃ ከባሕር ማዶም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1890 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ፊሊፓ ፎሴት የተባለች ተማሪ ከወንዶቹ አንደኛ የበለጠ ውጤት አመጣች። አባቷ የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ስለነበሩ ትምህርት ለቤቷ እንግዳ አልነበረም። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ይኸውም ችሎታው ከተረጋገጠ ከ58 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ዘመናዊ ትምህርታችን ስንመለስ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ዓላማው ቋንቋ የሚያውቁ የመንግሥት ሠራተኞችን ማፍራት ስለነበር፣ የተጠሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931፣ ማለትም ከ23 ዓመት በኋላ ነበር። አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው የጣልያን ወረራ ደረሰ። ከነጻነት በኋላ ያንኑ ትምህርት ቤት በኃላፊነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ለመሆን በቁ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፍቷል፤ መንገዱ ግን አልተስተካከለም። የገጠር ልጃገረድ ከትምህርት በፊትና በኋላ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች። ወንድሟም ከብት ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ መሽቶ እቤት ሲገባ መጽሐፉን ሊያነሣ ሲችል፣ እርሷን ምጣዱ ይጠብቃታል። መጸዳጃ በሌለው ትምህርት ቤት የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ትቀራለች። መንገዱ ሲረዝም ወላጆቿ ጠለፋን ፈርተው ያስቀሯታል፤ ወይም ገና በልጅነቷ ይድሯታል።

ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ እንዲል ሲደረግ መኖሩ ለዚህ ሁሉ የተሰጠ ካሣ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦች ግን ይህንኑ የድካም ማስረጃ አድርገው ሲቈጥሩት ይሰማል። ካሣው ይደርስ የነበረው ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሸክሙን ከተሸከመች በኋላ መሆኑን ይዘነጋሉ።

መሐንዲስ በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ አይደለም። የውኃ ጉድጓድ የት እንደሚቈፈር፣ የትምህርት ቤት ንድፍ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ እንዲኖረው፣ መንገድና ድልድይ በየትኛው መንደር በኩል እንደሚያልፍ ሲወሰን በስብሰባው ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው። በአንድ መንደር የውኃው ርቀት በአንድ ሰዓት ሲያጥር፣ ያ ሰዓት የማን እንደሚሆን የንድፉ ባለቤት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።