የሜንዶዛ ቀይ የወይን ጠጅና የውሃ ታሪክ

በአርጀንቲና ምዕራብ፣ በአንዲስ ተራሮች ግርጌ የምትገኘው ሜንዶዛ ማልቤክ በሚባለው ቀይ የወይን ጠጅ የታወቀች ናት። ይህ ጠጅ መልኩ የጠቈረ፣ ኀይሉም የበረታ ነው። ከከፍተኛው ስፍራ የሚገኘው ምርጡ በጠርሙስ ውስጥ ብዙ ዓመት ቢቈይ ጣዕሙ እየተሻለ ይሄዳል እንጂ አይበላሽም። ለዚህ ዝና ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ለፈረንሳይ ተክልና ለተራራው ከፍታ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ግን ከሁለቱ አስቀድሞ የውሃው ሥራ ሊታይ ይገባዋል የሚል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። እኛ ደጋ ሲባል ዝናብ እናስባለን፤ የሜንዶዛ አገር ግን ደረቅ ምድር ነው። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ወይኑ የሚበቅለው የአንዲስ በረዶ ቀልጦ በሚወርደው የወንዝ ውሃ ነው። እስፓኞች በ1561 ከተማዪቱን ሲቈረቍሩ፣ ዋርፔ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ቀድሞውኑ ቦይ አውጥተው በቆሎ ይዘሩ ነበር። ከቦዮቹ አንዱ ዛሬም በዋርፔው አለቃ በጓይማዬን ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ ዋርፔዎች ለግዳጅ ሥራ ተራራውን ተሻግረው ወደ ቺሌ ተወሰዱ። ቦዩ ቀረ፤ የቈፈሩት ተረሱ።

የማልቤክ የቀድሞ አገሩ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው ካኦር ነው። በ1853፣ ኋላ የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት በሆነው በሳርሚየንቶ አሳሳቢነት፣ ሚሼል ኤሜ ፑዤ የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ ዐዋቂ በሜንዶዛ የእርሻ ማስተማሪያ ስፍራ እንዲመራ ተደረገ፤ ማልቤክንም ከሌሎች የፈረንሳይ ወይኖች ጋር አስገባ። በ1884 የወጣው የውሃ ሕግ የውሃን መብት ከመሬቱ ጋር አያያዘው። በ1885 የምድር ባቡር ሲደርስ ከኢጣሊያና ከእስፓኝ የመጡ ስደተኞች የወይኑን እርሻ አስፋፉት። ቀጥሎም ቺፖሌቲ የተባለ ኢጣሊያዊ መሐንዲስ የሜንዶዛን ወንዝ ወደ ቦዮቹ የሚመልስ ግድብ ሠራ።

ይሁን እንጂ ቦይ ውሃን ወደ ታች ያወርዳል እንጂ ወደ ላይ አያወጣም። ስለዚህ እርሻው ወደ ሞቃቱ ሜዳ ተስፋፋ፤ ከዚያም የሚገኘው በብዛት ለዘወትር የሚጠጣ ርካሽ ጠጅ ነበር። የአገሩ ሰው የወይን ጠጅ መጠጣት ሲቀንስ ገበያው ወደቀ፤ በ1980ዎቹም ዓመታት ብዙ የማልቤክ ግንድ ተነቀለ።

ለውጡን ያመጣው ውሃን በቀጭን ቧንቧ ለእያንዳንዱ ግንድ የሚያንጠባጥበው አዲስ መስኖ ነው። በ1992 ኒኮላስ ካቴና በኡኮ ሸለቆ፣ ጓልታያሪ በሚባል ስፍራ፣ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ወይን መትከል ጀመረ። በዚያ ከፍታ ብርቱው ፀሐይ የፍሬውን ቅርፊት ስለሚያወፍረው ቀለሙና ታኒኑ ይበዛል፤ የሌሊቱ ብርድም ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል። ጠጁን ለብዙ ዓመት የሚያቈዩትም እነዚሁ ናቸው።

እንግዲህ ተራራው ጥንትም እዚያው ነበር፤ ውሃ እስኪደርስበት ድረስ ግን ወይን አላበቀለም። ከ2010 ወዲህ በዚያ የአንዲስ ክፍል የሚጥለው በረዶ እጅግ በማነሱ ይህ እውነት እንደገና ጐልቶ ታይቷል። የሜንዶዛን የወይን ጠጅ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከ1853 ቢጀምር ግማሹን ይተዋል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የዋርፔዎቹ ቦይ ነው።