የበጎ ፈቃድ አስተማሪና የሰፈሩ ምስጋና

ሰው ለእንጀራው ብሎ የሚሠራው ሥራ ዋጋው በየወሩ ይከፈለዋል። ለጎረቤቱ ብሎ በገዛ ፈቃዱ የሚሠራው ሥራ ግን ደመወዝ የለውም፤ ያለው ዋጋ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም የተጠቀመው ሕዝብ «ይህን ያደረገልን እገሌ ነው» ብሎ በአደባባይ ሲመሰክርለት ነው። ይህ ምስክርነት በኢትዮጵያ ቀድሞ እንዴት ይሰጥ እንደ ነበረ፣ በፊደል ዘመቻዎች ጊዜ ምን እንደ ደረሰበትና ዛሬ መምህራን እንዴት ሊያድሱት እንደሚችሉ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በመሠረቱ ልማዱ አዲስ አይደለም። ወንፈልና ደቦ በገጠር የቆዩ የኅብረት ሥራ ሥርዓቶች ናቸው። ወንፈል ብድር ያለው ነው፤ ዛሬ ያረሰለት ሰው ነገ ይታረስለታል። ደቦ ግን ጠሪው ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጅቶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው፤ ወገን የሌላት ባልቴት ወይም የታመመ ገበሬ በጠራ ጊዜም ሰው አይቀርም። በአጨዳው መካከል የሚሰማው ዘፈንና ፉከራ ጎበዙን አጫጅ በስሙ እየጠራ ያበረታታዋል፤ ማታ ከእራት በኋላም ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቃል። እንግዲህ በዚህ ቀላል በሚመስል ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ምስጋናው የሚቀርበው ሥራው በተሠራበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ የሠራው ሰው በስሙ ይጠራል። ሦስተኛ፣ የሚያመሰግነው ሰው የተጠቀመው ራሱ ነው።

ዘመናዊው አስተዳደር እየተስፋፋ በሄደ መጠን ግን ምስጋና ከመንደር ወጥቶ ወደ ዋና ከተማ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ማንበብና መጻፍ እንዲማር ጥሪ አድርገው ነበር፤ በዚያው ዘመን የፊደል ሠራዊት የተባለው እንቅስቃሴም ለዚሁ ዓላማ ተነሣ። በ1950ዎቹ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተሰየመው የሽልማት ድርጅት ተቋቁሞ በሥነ ጽሑፍ፣ በሥነ ጥበብ፣ በምርምርና በሌላም ሙያ ብልጫ ላሳዩ ሰዎች ሽልማት ይሰጥ ጀመር። ሽልማቱ ለሚገባቸው ሰዎች የተሰጠ ነበር። ሆኖም ከሥራው በኋላ በፋኖስ ብርሃን ጎረቤቱን «ሀ ሁ» የሚያስቆጥረው ወጣት ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ለሚመለከት አይታይም ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። ከዩኒቨርሲቲና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ወደ 60,000 የሚደርሱ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል አስተማሩ፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠሩ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜም ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። በዚህ ሳቢያ ከባለመሬቶች ጋር በተነሣው ግጭት ሕይወታቸውን ያጡ ዘማቾች ነበሩ። ዳሩ ግን ዘመቻው በትእዛዝ የመጣ ነበር፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መያዝ የተከለከለ ነበር። ስለዚህ ታሪክ ዘማቾቹን ሁሉ በአንድ ቃል «በጎ ፈቃደኞች» ብሎ ቢጠራቸው እውነቱን ያጎድላል። ከመጀመሪያው በፍላጎቱ የሄደ ነበረ፤ ተገድዶ ሄዶ በኋላ ወድዶ የሠራም ነበረ፤ ቀኑን ብቻ ቆጥሮ የተመለሰም አልጠፋም። የሦስቱም ስም በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ማን ከልቡ እንደሠራ ለይቶ ሊናገር የሚችለው አብሮት የኖረው መንደር ብቻ ነው።

ቀጥሎም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች፣ እየቆየም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ መጻሕፍቱም ሁሉ የታተሙት በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። የዘመቻው መሪ ሐሳብ የተማረ እንዲያስተምር፣ ያልተማረም እንዲማር የሚል ነበር። የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ቀበሌዎች የመማሪያ ዳስ ሠሩ፤ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ማንበብ የሚችሉ የሰፈር ሰዎች አስተማሪ ሆኑ። ፈተናውን ያለፈ ጎልማሳ የምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለኢትዮጵያ አስገኘ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመቶ ከዘጠና የሚበልጠው ሕዝቧ ማንበብ ለማይችል አገር ይህ ትልቅ ክብር ነበር።

ነገር ግን ይህ ክብር ከላይ በተጠቀሱት በሦስቱ የደቦ መለኪያዎች ቢመዘን ጉድለቱ ይታያል። ሽልማቱ የተሰጠው ሥራው ከተሠራበት ዳስ እጅግ ርቆ ነው። የተጠራው የዘመቻው ስም እንጂ የአስተማሪው ስም አይደለም። ያመሰገነውም ዓለም አቀፍ ድርጅት እንጂ ፊደል የቆጠረችው እናት አይደለችም። የምስክር ወረቀቱ የተማሪውን ስም ይዞ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ ያስተማረው ሰው ግን በሪፖርት ውስጥ ከብዙ ሺህ አንዱ ቁጥር ሆኖ ቀረ። ቁጥር ደግሞ ለመንግሥት መግለጫ ይጠቅማል እንጂ ለልጅ ልጅ አይተረክም። በኋላ ጦርነቱና የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ሲከተሉ፣ የሚነበብ ነገር ያጡ ብዙ ጎልማሶችም የተማሩትን ሲረሱ፣ ዘመቻውን የሚያነሣ ሰው ወይ የመንግሥቱን ውዳሴ ወይ የመንግሥቱን ወቀሳ ብቻ የሚያነሣ ሆነ። በሁለቱ መካከል አስተማሪው ተረሳ። መንግሥቱን መንቀፍ ግን ለጎረቤቱ የደከመውን ወጣት ለመርሳት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የተለየ አካሄድ በኩባ ታይቷል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው የፊደል ዘመቻ ወደ 100,000 የሚጠጉ ወጣቶች ወደ ገጠር ወጥተው አስተማሩ፤ ከ700,000 በላይ ሰዎችም ማንበብና መጻፍ ቻሉ። የወጣቶቹ ጓድ የተሰየመው በዚያው ዓመት በጥር ወር በተገደለው ኮንራዶ ቤኒቴስ በተባለ ወጣት የበጎ ፈቃድ አስተማሪ ስም ነበር። ዘመቻው ሲያበቃ ዲሴምበር 22 ቀን አስተማሪዎቹ በሃቫና አደባባይ ትልልቅ እርሳስ ተሸክመው ተሰለፉ፤ ቀኑም በየዓመቱ የመምህራን በዓል ሆኖ ቀረ። በእርግጥ ይህም የመንግሥት በዓል ነው፤ የፖለቲካ ሐሳብም አለበት። ይሁን እንጂ አንድን ስምና አንድን ቀን አጥብቆ መያዝ የሥራን መታሰቢያ እንዴት እንደሚያኖር ያስረዳል።

ከኢትዮጵያ በስተ ምሥራቅም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የሶማልኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተወሰነ በኋላ፣ በ1974 የሶማሊያ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ከ20,000 የሚበልጡ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ አርብቶ አደሩ ላከ። የሶማልኛ ተናጋሪው ሕዝብ ግን በአንድ አገር ወሰን የተወሰነ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ጋር በምድር ባቡር የተሳሰረችው ጅቡቲም አንዷ መኖሪያው ናት። ይህች በወደብ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ በቁጥር የሚጠሩ የቆዩ ሰፈሮች አሏት፤ ካርቲየ 2 ከእነዚህ አንዱ ነው። በከተማይቱ ሶማልኛ፣ ዓፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይነገራሉ፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሰዎችም በብዛት ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ለጎረቤቱ ደብዳቤ የሚያነብለት፣ ለእንግዳው የሚያስተረጉምለት፣ የደከመ ልጅ በማታ የሚያስጠና ሰው ማን እንደሆነ ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የገጠሩ መንደር የዘማቹን ልብ እንዳወቀ ሁሉ፣ ይህንንም የሚያውቀው በአንድ ግቢ የሚኖረው፣ ከአንድ ሱቅ የሚገዛው ጎረቤት ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በካርቲየ 2 የምስጋናው ቦታ ሰፈሩ ራሱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ ዲሴምበር 5 ቀን የበጎ ፈቃደኞች ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ጠይቋል። ዩኔስኮ ያወጀው የመሠረተ ትምህርት ቀንም ሴፕቴምበር 8 ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በጳጉሜን 3 ቀን ይውላል። ቀኖቹ አሉ ማለት ነው፤ የሚጎድለው ይዘታቸው ነው። በዓሉ ሹማምንት ረጅም ንግግር የሚያደርጉበት፣ ለጋሽ ድርጅቶች የሚወደሱበት፣ የሠራው ሰው ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያጨበጭብበት ከሆነ ምስጋናው ተገልብጧል። ታዝዞ የመጣን ሰው በጎ ፈቃደኛ ብሎ መሸለምም በእውነት ወድዶ የመጣውን ማሳነስ ነው።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ትምህርት ቤት አንድ መዝገብ ቢከፍት፣ በአካባቢው ማን፣ በየትኛው ዳስ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንት ዙር እንዳስተማረ ከሽማግሌዎች ጠይቆ ቢጽፍ፣ ተማሪዎችም ጥያቄውን ለአያቶቻቸው ወስደው መልሱን ቢያመጡ፣ ይህ ራሱ የታሪክ ትምህርት ይሆናል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ስሞቹ ቢነበቡ፣ ከተማሩትም አንዱ ተነሥቶ የተደረገለትን ቢናገር፣ ሽማግሌም ቢመርቅ፣ የደቦው ሥርዓት በሦስቱም መለኪያ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ1971 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት የነበረው አስተማሪ ዛሬ ስልሳውን ካለፈ ቆይቷል፤ ያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ተማሪዎቹም በየዓመቱ ከመካከል ይጎድላሉ። መስካሪው ከሞተ በኋላ የሚከፈት መዝገብ የሚጻፍበት ስም አያገኝም። መምህር ስም መጥራት የዕለት ሥራው ነው፤ በየጧቱ መዝገብ ይዞ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይጠይቃል። ይህንኑ ልማድ ከክፍሉ ደጃፍ ወደ ሰፈሩ አንድ እርምጃ ቢያሻግረው፣ ያለ ደመወዝ ያገለገሉት ሰዎች በቁጥር ሳይሆን በስማቸው ሲጠሩ ይሰማሉ።