የመጀመሪያዋ የትምህርት ቤት ነርስ በኒውዮርክ

በ19ኛው ምእት ዓመት ማለቂያ፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ድኾች በጠባብ ቤቶች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በኒውዮርክ ምሥራቃዊ ሠፈር፣ የከተማው የጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ሐኪሞችን ወደ ትምህርት ቤቶች እየላከ፣ ትራኮማ፣ እከክ፣ ጭርት ወይም ቅማል የተገኘበት ሕፃን ሁሉ፣ ደዌው ወደ ባልንጀሮቹ እንዳይጋባ፣ ወደ ቤቱ እንዲሰናበት ያዝዝ ነበር። ሥርዓቱ በወረቀት ሲነበብ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ማሰናበትን እንጂ መፈወስን አያውቅም። እናቲቱ የሐኪሙን ወረቀት፣ የአገሩን ቋንቋ ስላልተማረች፣ አታነበውም፤ ብታነበውም ለመድኃኒቱ ገንዘብ የላትም፤ ስለዚህ ከጓደኞቹ እንዲለይ የተፈረደበት ልጅ፣ ማታውን ከእነርሱው ጋር በመንገድ ላይ ሲጫወት ይታያል። ከዚህ የባሰ ስላቅ ከወዴት ይገኛል?

በዚያው ሠፈር ለሕሙማን የሚራዳ የነርሶች ቤት ያቋቋመችው ሊሊያን ዋልድ፣ ሊና ሮጀርስ የተባለችውን ነርስ ለአንድ ወር ፈተና ለከተማው ሰጠች፤ እርሷም በኦክቶበር 1902 በአራት ትምህርት ቤቶች ሥራዋን ጀመረች። ቁስል ታጥባለች፣ ዐይን ታጸዳለች፣ ቅባት ትቀባለች፤ ከዚያም የየፎቁን ደረጃ እየወጣች እናቶችን በየቤታቸው ታስተምራለች። ወሩ ሲፈጸም ከተማው ሌሎች ነርሶችን ጨመረ፤ በሴፕቴምበር 1902 ከ10 ሺህ በላይ የነበሩት ተሰናባች ሕፃናትም፣ ዓመት ዞሮ በዚያው ወር ወደ 1,100 ግድም ወረዱ።