ሸረሪቷን ማን ገደላት? የጃቫ ገበሬዎች ትምህርት ቤት

ስለ ሙስሊሙ ዓለም ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ ወሬያችን ስለ ከተሞች፣ ስለ ሱልጣኖችና ስለ ታላላቅ ዑለማዎች ነው። አፈር ገፍቶ ያበላቸው ገበሬ ግን ብዙም አይነሳም። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ እሱ ነው። ቦታው በሙስሊም ሕዝብ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ በሆነችው በኢንዶኔዥያ፣ የጃቫ ደሴት ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልን።

ኢንዶኔዥያ በ1970ዎቹ ከዓለም ትልልቅ የሩዝ ገዢዎች አንዷ ነበረች። የሱሃርቶ መንግሥት ከዚህ ለመውጣት ለገበሬው አዲስ ዘር፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መድኃኒት አንድ ላይ አድርጎ በብድር አቀረበለት። የመድኃኒቱን ዋጋ አብዛኛውን፣ 80 ከመቶ ያህሉን፣ መንግሥት ይከፍል ነበር። ገበሬው ተባይ ኖረም አልኖረም በተነገረው ቀን ይረጫል። በ1984 አገሪቱ ራሷን በሩዝ ቻለች ተባለ፤ በማግስቱ ዓመት ሱሃርቶ ሮም ድረስ ተጠርተው በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መድረክ ተመሰገኑ።

ጭብጨባው ሳይበርድ የጃቫ ማሳዎች መድረቅ ጀመሩ። ያደረቃቸው ቡኒ ቀለም ያላት፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ የሩዙን ግንድ ወግታ ፈሳሹን የምትመጥ ነፍሳት ናት። እንግዳም አልነበረችም። በ1970ዎቹም መጥታ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ አጥፍታ ነበር። ያን ጊዜ የተሰጠው መልስ ተጨማሪ መርጨት ነበር።

ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ተባዩዋ እንቁላሏን የምትጥለው በሩዙ ግንድ ውስጥ ሰርስራ ስለሆነ መድኃኒቱ እንቁላሉን አያገኘውም። የሚያገኘው ተባዩዋን የሚበሉትን ሸረሪቶችና ሌሎች ነፍሳት ነው። እንቁላሉ ሲፈለፈል ጠላት የሌለበት ማሳ ይጠብቀዋል። ገበሬው እንደገና ሲረጭ ደግሞ ይበልጥ ትበዛለች። ፒተር ኬንሞር የተባለ ተመራማሪ ይህን በፊሊፒንስ ማሳዎች ላይ ያየው ቀደም ብሎ ነው፤ በኢንዶኔዥያም እንደ ኢዳ ኞማን ኦካ ያሉ ሳይንቲስቶች ተናግረዋል። ነገር ግን የድጎማ ገንዘብ ባለበት ቦታ የሸረሪት ጠበቃ ማን ይሰማል?

በኅዳር 1986 ሱሃርቶ 57 ዓይነት የፀረ ተባይ ምርቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ በትእዛዝ ከለከሉ። ድጎማውም ደረጃ በደረጃ ተቀንሶ በ1989 ቆመ። የሩዙ ምርት ግን አልወደቀም።

ይሁንና ትእዛዝ አንድ ነገር ነው፣ እውቀት ሌላ ነው። ለዓመታት «ርጭ» ሲባል የረጨ ሰው «አትርጭ» ሲባል ያው ታዛዥ ነው። ነገ ሌላ ተባይ ቢመጣ ምን ያደርጋል? ማንን ይጠይቃል?

በ1989 የተጀመረው የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። ሕንፃም ጥቁር ሰሌዳም የለውም። ወደ 25 የሚሆኑ ጎረቤታሞች በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሩዙ ከተተከለበት እስከ አጨዳው ድረስ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። አምስት አምስት ሆነው ይገቡና ግንዱን ገለጥ እያደረጉ ተባዩን ይቆጥራሉ፤ ሸረሪቱንም ይቆጥራሉ፤ ውኃውን፣ ቅጠሉን፣ የአየሩን ሁኔታ ያያሉ። ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩትን በትልቅ ወረቀት ይስሉታል። መሃል ላይ ሩዙ፣ በአንድ ወገን ጠላት፣ በሌላው ወገን ወዳጅ። ከየቡድኑ አንዱ ተነስቶ ያስረዳል፣ ሌሎቹ ይሞግቱታል። በመጨረሻ በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ የሚለውን ራሳቸው ይወስናሉ።

አመቻቹ አስተማሪ አይደለም። ገበሬው ነፍሳት ይዞ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለው ስሙን አይነግረውም። «የት አገኘኸው? ምን ሲሠራ ነበር? ብዙ ናቸው?» ብሎ መልሶ ይጠይቀዋል። ለማወቅ ከፈለጉ ነፍሳቱን ከተባዩዋ ጋር በመረብ በተሸፈነ ሩዝ ላይ ያስቀምጡና ማን ማንን እንደበላ ቆይተው ያያሉ። ቅጠል የተበላበት ሩዝ ያለቀለት ይመስላቸው ስለነበር ደግሞ በገዛ እጃቸው ቅጠል እየቆረጡ ሞከሩት፤ ሩዙ በለጋነቱ ከተቆረጠ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ አዩ። እኛን በጣም የገረመን ግን ሌላ ነው፦ አመቻቾቹ ራሳቸው ከመላካቸው በፊት ሩዝ ተክለው አንድ ወቅት ሙሉ እንዲያሳድጉ ይደረግ ነበር። ጭቃ ያልነካ ባለሙያ ገበሬ ፊት አይቆምም ማለት ነው።

አብረን የቀራን ሰዎች ይህን ስሜት እናውቀዋለን። ከኡስታዙ ሰምተን ያልገባን ነገር አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ሲከራከረን የሚገባን ጊዜ አለ።

ነገሩን ከሚገባው በላይ ማወደስ ግን አንፈልግም። ከዓለም ባንክ ጋር የሠሩ ኢኮኖሚስቶች በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በኢንዶኔዥያ የተማሩት ገበሬዎች ምርትም ሆነ የመድኃኒት አጠቃቀም ጉልህ ለውጥ አላገኘንበትም፤ እውቀቱም ወደ ጎረቤት ብዙ አልተሻገረም ብለዋል። ሌሎች ጥናቶች የተለየ ውጤት ስላገኙ ክርክሩ ቀጥሏል። የእኛ ግምት፣ ለጥቂት መንደር በጥንቃቄ የተሠራ ነገር በችኮላ ሲባዛ ይሳሳል የሚል ነው። መሻገሩ ላይም አንደነቅም፤ ሸረሪቷን ያልቆጠረ ጎረቤት በወሬ ብቻ መርጫውን አያስቀምጥም።

ዘዴው በ1990ዎቹ ወደ አፍሪካ ገባ፣ ጋናና ኬንያ ተሞከረ። መጤው የአሜሪካ ተምች በ2017 በእኛም አገር በቆሎ ላይ ሲወርድ፣ የምግብና እርሻ ድርጅት በማግስቱ ዓመት ለአፍሪካ ያዘጋጀው መመሪያ በዚሁ የመስክ ትምህርት ቤት መንገድ የተጻፈ ነበር።

ወደ ጃቫ እንመለስ። ከ1965ቱ እልቂት በኋላ በሱሃርቶ ዘመን ገበሬ ተሰብስቦ መነጋገሩ ያስጠረጥር ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲዎችም መንደር ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ታግደው ነበር። በዚያ አገር በየሳምንቱ ሃያ አምስት ሰው ተቀምጦ «ለምን?» ሲባባል፣ ስለ ነፍሳት ስለሆነ ማንም አልከለከለውም። ሱሃርቶ በ1998 ከሥልጣን ወረዱ። ያን ጊዜ በመስክ ትምህርት ቤቶቹ ያለፈው ገበሬ ወደ አንድ ሚሊዮን እየተጠጋ ነበር። በ1999 ከመካከላቸው የተወጣጡት የራሳቸውን አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ።