የ90 ሰከንድ ተራራ

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1996 ዴቪድ ብሬሺርስ የተባለ አሜሪካዊ ፊልም ሠሪ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ካሜራ ደቀነ። ካሜራው ለዚህ ጉዞ ተብሎ እንዲቀል ተደርጎም ወደ 19 ኪሎ ይመዝን ነበር። የሚገባበት አንዱ የፊልም ጥቅል 150 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የሚያስቀርጸው ግን ለ90 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለቀውን አውጥቶ አዲስ ማስገባት የግድ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ወፍራም ጓንት አድርጎ መሥራት አይቻልም። ኦክስጅን በሳሳበት፣ ጣት በሚያደርቅ ብርድ ውስጥ ማለት ነው።

ፊልሙ በ1998 ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተመልካቹ ሞቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ የፎቅ ሕንፃ የሚያህል ስክሪን ፊት ለፊት፣ እግሩ ሥር ገደል ሲከፈት ያያል። የወንበሩን እጀታ ጭምቅ ያደርጋል። ካሜራ የሚባል ነገር ትዝም አይለው። ካሜራውን ተሸክሞ የወጣው ሰውማ ጭራሽ! አዳራሹ የተሠራውም እንዲረሳው ነው። ታሪኩን መለስ ብለን ስናይ ግን፣ ግዙፍ ስክሪን ላይ የምናየውን ተፈጥሮ የመረጠልን በአብዛኛው የማሽኑ ክብደት ሆኖ እናገኘዋለን።

ሰውን በምስል የመክበብ ምኞት ከሲኒማ ይቀድማል። ሮበርት ባርከር የተባለ ሠዓሊ በ1787 ክብ ግድግዳ ላይ ለሚዘረጋ ሥዕል የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ተመልካቹ መሃል ላይ ቆሞ ዙሪያውን ከተማውን ያያል። የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው ግን በ1967 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ኤክስፖ 67 ዓለም አቀፍ ትርዒት ነው። ግሬም ፈርጉሰን ስለ ዋልታ አካባቢ ሕይወት የሠራው ፊልም እዚያ ሲታይ፣ ተመልካቹ በሚዞር መድረክ ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን በተተከሉ ስክሪኖች ፊት ያልፍ ነበር። ሮማን ክሮይተርና ባልደረቦቹ ደግሞ በሌላ ድንኳን ውስጥ በብዙ ስክሪኖች የሚታይ ሥራ አቅርበው ነበር። ሕዝቡ ወደደው፤ ተሰለፈ።

ችግሩ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ብዙ ፕሮጀክተሮች አንድ ላይ እኩል መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ትንሽ ከዘገየ ምስሉ በሙሉ ይፈርሳል። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ራስ ምታት ያውቀዋል። አሥር ማሽን ሰዓቱን ጠብቆ አብሮ እንዲሠራ ከማድረግ አንዳንዴ አንድ ጠንካራ ማሽን መግዛት ይቀላል። ፈርጉሰንና ክሮይተርም እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሱ፦ ብዙ ትንንሽ ምስል ከመገጣጠም አንድ ትልቅ ምስል ይሻላል። ነጋዴውን ሮበርት ኬርን ጨምረው ኩባንያ አቋቋሙ፤ በኋላ ኢንጂነሩ ዊልያም ሾው ተቀላቀላቸው። ፈርጉሰን፣ ኬርና ሾው ኦንታሪዮ ውስጥ ጋልት በምትባል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ።

ግን ትልቅ ምስል ትልቅ ፊልም ይፈልጋል። እነሱ የመረጡት 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ፊልም አግድም አስተኝተው ማስኬድ ነበር። አንዱ ፍሬም 15 የጠርዝ ቀዳዳዎች ያህል ይረዝማል፤ በተለመደው 35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ፍሬም የሚይዘው 4 ቀዳዳ ነው። ያን የሚያህል ፊልም በሴኮንድ 24 ጊዜ ጎትቶ ማቆም፣ እንደገና ጎትቶ ማቆም፣ ፊልሙን ይቀደዋል። መፍትሔው የተገኘው ከአውስትራሊያ፣ ከብሪዝበን ነው። ሮን ጆንስ የተባለ ሰው ፊልሙ ሳይጎተት እንደ አባጨጓሬ በማዕበል እየተጣጠፈ የሚሄድበትን ዘዴ ፈጥሮ ነበር። ሾው መብቱ ከተገዛ በኋላ አሻሻለው። እያንዳንዱ ፍሬም ተራው ሲደርስ አየር ተመጥጦ መስታወቱ ላይ ልጥፍ ይላል፤ ምስሉ የማይንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። በ1970 ኦሳካ ላይ በተካሄደው ኤክስፖ የመጀመሪያው ፊልም ታየ። በ1971 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ ሲኒስፊር የተባለው የመጀመሪያው ቋሚ አዳራሽ ተከፈተ።

ሒሳቡን ብንሠራው ፊልሙ በሴኮንድ 1.7 ሜትር ይሮጣል። የ40 ደቂቃ ዶክመንተሪ 4 ኪሎ ሜትር ፊልም ነው ማለት ነው! ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ያብራራል። ካሜራው ከባድ ነው፤ ይጮኻል፤ ቶሎ ቶሎ ፊልም ይጨርሳል። ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ ሲጣሉ ለመቅረጽ አይመችም። ተመልካቹ ደግሞ የስክሪኑን ጠርዝ ስለማያየው፣ ምስሉ ቶሎ ቶሎ ከተቀያየረ ያዞረዋል። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ካሜራ ማን ይመቻል? የማይቸኩል፣ ንግግር የማያውቅ፣ ግዙፍ ነገር። ተራራ። ውቅያኖስ። ከሄሊኮፕተር የሚታይ ሐይቅ። ሲኒስፊር የተከፈተበት የፈርጉሰን ፊልም ስለ ሱፒሪየር ሐይቅ ሰሜናዊ አገር መሆኑ አይገርምም። አዳራሾቹም ቀስ በቀስ ሙዚየሞች ውስጥ ተሠሩ፤ ተማሪዎች በአውቶቡስ እየመጡ ያያሉ። ተፈጥሮና አይማክስ የተጋቡት እንዲህ ነው። ፍቅር ብቻ አይደለም፣ የኢንጂነሪንግ ግዴታም አለበት።

ጋብቻው ዋጋ አስከፍሏል። ጂም ፍሪማንና ግሬግ ማክጊሊቭሬይ ለዋሽንግተኑ የአየርና የሕዋ ሙዚየም የሠሩት የበረራ ፊልም በ1976 ሙዚየሙ ሲከፈት መታየት ጀመረ። ሲጀምር ምስሉ መሃል ላይ ትንሽ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ ድንገት ስክሪኑን ይሞላዋል። ሕዝቡ ለአሥርት ዓመታት አይቶ አልጠገበውም። ፍሪማን ግን የተመልካቹን ፊት አላየም። ፊልሙ ሊመረቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

ወደ ኤቨረስት እንመለስ። የብሬሺርስ ቡድን ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሜይ 10 እና 11 ላይ፣ ተራራው ላይ በተነሳ ማዕበል ስምንት ሰዎች ሞቱ። የፊልም ቡድኑ ለራሱ መውጫ ያስቀመጠው ኦክስጅን ሳውዝ ኮል በሚባለው ከፍተኛ ካምፕ ድንኳን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ብሬሺርስ በሬዲዮ ተጠየቀ፤ ውሰዱት አለ። ያ ኦክስጅን ከሌለ ፊልሙም ሊቀር ይችላል። በገንዘብ ካየነው እብደት ነው። እሱና ጓደኞቹ ግን ቀረጻውን ትተው ተጎጂ ለማውረድ ተሠማሩ። ወደ ጫፉ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ካሜራውን፣ ፊልሙንና ኦክስጅኑን እንደገና ያወጡት ደግሞ ሼርፓዎቹ ናቸው። ስለዚህ ያን የበረዶ ጫፍ ስናይ፣ ከምስሉ ጀርባ ሁለት ዓይነት ሸክም አለ፦ በጀርባ የተወሰደውና በውሳኔ የተወሰደው።

ይህ ካሜራ እኛም ዘንድ መጥቷል። በ2003 ዲሴምበር መጨረሻ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የመሩት ቡድን ከግሽ ዓባይ ተነስቶ፣ በ114 ቀን ጉዞ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አሌክሳንድሪያ ደረሰ። ከጉዞው የተሠራው የጆርዲ ሎምፓርት ፊልም በ2005 በአይማክስ አዳራሾች ታየ። ዓባያችን፣ የፎቅ ቁመት አክሎ፣ የባሕር ማዶ ተማሪዎችን ወንበር አስጨበጠ። እኛ ደግሞ፣ ካየነውም፣ በመዳፍ በምትያዝ ስልክ ነው።

ያናድዳል? ትንሽ። ግን ዓባይ ለዚህ ካሜራ ልማድ የማይመች ወንዝ መሆኑ ነው እኔን የሚገርመኝ። ሰው የሌለበት ንጹሕ ተፈጥሮ ፈልጎ ምንጩ ጋ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ጸበልተኛ ነው። አበው ሲተርኩ፣ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ውሃ ሳይነካቸው ተቀብለዋል። እንዲህ ያለ ወንዝ ከባለ አደራዎቹ ተነጥሎ አይቀረጽም። የውሃውን ኃይል በትልቅ ስክሪን ማሳየት ይቻላል፤ አደራውን ለማሳየት ግን ጠጋ ብሎ፣ ረጅም ሰዓት ቆሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል። 90 ሰከንድ አይበቃውም።

አሁን ፊልም የሚቆጥር ጥቂት ነው። በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ የተከፈተው ስፊር ውስጥ ያለው ስክሪን 15,000 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ ከራስ በላይ ይታጠፋል፤ ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። እዚያ የታየው የዳረን አሮኖፍስኪ የተፈጥሮ ፊልም ታሪኩን የሚቋጨው ምድር እንድታገግም ሰው ጥሏት በመሄዱ ነው። የማሽኑ ሸክም ከቀለለ በኋላም ሰውን ከምስሉ የማስወጣቱ ልማድ እንዳለ ቀርቷል፤ እንዲያውም ከፕላኔቷ አስወጥቶታል።

ሆኖም የዛሬው ካሜራ ዝም ብሎ ለሰዓታት መቆም ይችላል። አንድ ቀን አንዱ ግሽ ላይ ቢያቆመውና ጸበልተኛውን፣ ውሃ የሚቀዳውን፣ የካሜራውን እግር የተሸከመውን የሰከላ ልጅ አብሮ ቢያስገባ፣ ስክሪኑ በቂ ቦታ አለው።