በጉና ሥር የክላክስ ድምፅ፤ ስለ መሪ ኤሌክትሪክ ብልሽት ታሪካዊ ማስታወሻ

ደብረ ታቦር መንኮራኩርን ያወቀችው ከሞተር በፊት ነው። በ1859 ዓ.ም. ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ሆኖ፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ገደሉን እያስቆረጡ መንገድ ባያሠሩ ኖሮ ያ መድፍ የመጀመሪያውን ዳገት እንኳ ባልወጣ ነበር። በሞተር የሚሄድ ሠረገላ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ፣ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባደረሰው አውቶሞቢል ነው። ወረታን በደብረ ታቦር በኩል ከወልዲያ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ደግሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ድጋፍ በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራ ነው።

ይህ መንገድ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ ደብረ ታቦር እስኪደርስ 900 ሜትር ያህል ይወጣል። በክረምት ጉም ሲወርድ ከጠምዛዛው ወዲያ ላለው እረኛ፣ ለከብቱና ለገበያተኛው የመኪናውን መምጣት የሚያስታውቀው ክላክስ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ክላክሱ የማይነፋ መኪና ፍሬኑ እንደ ጎደለ መኪና ሊቆጠር ይገባዋል እላለሁ።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በ1908 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒውአርክ ከተማ “ክላክሰን” በሚል የንግድ ስም የኤሌክትሪክ ጡሩምባ ለገበያ ቀረበ፤ ስሙ የዕቃው መጠሪያ ሆነና እኛም ዘንድ “ክላክስ” ተብሎ ቀረ። ከዚያ በፊት የነበረው ጡሩምባ የጎማ ከረጢቱ በእጅ ሲጨመቅ የሚነፋ ስለ ነበር ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ችግሩ የተወለደው የክላክሱ ቁልፍ በመሪው መካከል ሲቀመጥ ነው። መሪው ይዞራል፣ የመኪናው አካል ግን አይዞርም፤ ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከማይዞረው ወደሚዞረው በምን ይሻገር? መልሱ ለብዙ ዘመን የነሐስ ቀለበትና በላዩ እየተንሸራተተ የሚነካው ካርቦን ወይም ምላስ ሆኖ ቆየ። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች ቁልፉ ሲጫን የሚሠራው መሥመሩን በመሪው ዘንግ በኩል ከመኪናው አካል፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ባልደረቦቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ክላክስ እምቢ ሲል በቀጥታ መሪውን መንቀል የችኩል ሥራ ነው። በቅድሚያ ፊውዙ ይታይ፤ ቀጥሎም ለክላክሱ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ይሰጠው። ክላክሱ ደኅና ከሆነ፣ ከመሪው ዘንግ ሥር የሚወጣው የቁልፉ ሽቦ ለአፍታ ከመኪናው አካል ጋር ይነካ። ያን ጊዜ ከነፋ ሪሌውና የታችኛው መሥመር ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ከዚያ በላይ፣ በቀለበቱ፣ በካርቦኑ ወይም በቁልፉ ዘንድ ነው። መሪው በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ብቻ የሚነፋ ከሆነ ቀለበቱ ዝጓል ወይም ካርቦኑ አልቋል። መሪው ሲጠመዘዝ ሳይነኩት የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የሽቦው ልባስ ተልጧል ማለት ነው።

ቮልስዋገን፣ እኛ “ቮልስ” የምንለው፣ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። በመሪው ዘንግ ላይ ያለው የጎማ ማያያዣ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ግንኙነቱ የሚቀጥለው ጎማውን በሚሻገር አጭር ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ማያያዣው ሲለወጥ ከተረሳ ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ክላክሱ ዝም ይላል። በመልቲሜትር ብቻ የሚመረምር ሰውም እዚህ ላይ ሊታለል ይችላል፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ 12 ቮልት ሙሉ ሊያሳይ ይችላልና። አምፖል ያለው ተራ መፈተኛ ግን ጭነት ስለሚጨምርበት ደካማውን ግንኙነት ያጋልጣል። ርካሹ መሣሪያ ከውዱ የሚበልጥበት ቦታ አለ።

ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን መሪው ሌላ ነገር ሆኗል። መርሴዲስ ቤንዝ በ1981 እ.ኤ.አ. ኤርባግ ለደንበኞቹ ሲያቀርብ፣ ለክላክስ የሚበቃው ተንሸራታች ግንኙነት ለዚህ እንደማይበቃ የታወቀ ነበር፤ የቅጽበት መቋረጥ ለክላክስ ምንም አይደለም፣ ለኤርባግ ግን የሰው ነፍስ ነው። ስለዚህ በሣጥን ውስጥ የሚጠቀለልና የሚፈታ ዝርግ ሽቦ፣ ስፓይራል ኬብል የሚባለው፣ የቀለበቱን ቦታ ያዘ። ይህ ሽቦ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የተወሰነ ዙር ብቻ አለው። የመሪው ማርሽ ወይም ዘንጉ ተፈትቶ መሪው እንዲያው ሲሽከረከር ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ክላክሱ፣ በመሪው ላይ ያሉት ሌሎች ቁልፎችና ኤርባጉ በአንድነት ይሞታሉ። ሁሉም አብረው ከሞቱ፣ የጋራ ፊውዝ አለመቃጠሉ ከታየ በኋላ፣ መጠርጠር ያለበት ስፓይራሉ ነው።

ዛሬ ያረጁት መኪናዎች እነዚህ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ግን የቀድሞው ዘዴ አደገኛ ነው። ቢጫ ሶኬት ያለበትን የኤርባግ መሥመር በመፈተኛ አምፖልም ሆነ በመልቲሜትር መንካት ኤርባጉን በሠራተኛው ፊት ሊያፈነዳው ይችላል። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቶዮታ መመሪያ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይላል። የማስጠንቀቂያው መብራት እንዳይታይ አምፖሉን ነቅሎ መኪናውን ለባለቤቱ መመለስ ጥገና ሳይሆን ማታለል ነው፤ ባለቤቱ ግጭት እስኪደርስበት ድረስ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።